የመሰልቸት ጥቅም፤ ከግሸን አምባ እስከ ራስላስ ሸለቆ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለውን የአገራችንን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ተረቱ ያስቃል፤ በደንብ ላሰበበት ሰው ግን በውስጡ አንድ ፍርሃት አለበት። ሰው ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ ጥፋትም ቢሆን አንድ ነገር መሥራት ይቀለዋል ማለት ነው። እንግዲህ ተረቱ የሚነቅፈው ሥራ መፍታትን ነው ወይስ ሥራ መፍታትን መታገሥ አቅቶት የገዛ ልጁን ትዳር የሚያፈርሰውን አባት? ብዙ ጊዜ የምንሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውንም ለመስማት እንሞክራለን።

ዓላማችን መሰልቸት ለሰው አእምሮና ለጠባዩ ዕድገት የሚጠቅም መሆኑንና አለመሆኑን ከታሪክ ለመመርመር ነው። ለምርመራው የመረጥነው የነገሥታት ልጆች ለብዙ ትውልድ ተዘግተው የኖሩበትን የግሸን አምባን ነው። የአምባው ወሬ ባሕር ተሻግሮ አውሮጳ ከደረሰ በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ስለ መሰልቸት የሚናገር አንድ የታወቀ መጽሐፍ ጽፎበታል። ስለዚህ የአምባውን ታሪክና የመጽሐፉን ታሪክ ጎን ለጎን አድርገን እናያለን። ከዚያ አስቀድሞ ግን ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ቀድመው በጥልቅ ያሰቡትን የግብፅ በረሓ መነኮሳት እንጠይቃለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

፩. ስለ ቃሉ ትርጕም

ስንፍና፥ ዕረፍትና መሰልቸት በንግግር ጊዜ ይደባለቃሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሰነፍ የሚባለው ሥራ እያለው መሥራት የማይወድ ነው። የሚያርፍ ሰው ሥራውን ፈጽሞ ወይም ለጊዜው አቋርጦ ባለመሥራቱ ደስ የሚለው ነው። የሰለቸው ሰው ከሁለቱም ይለያል፤ አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፥ ነገር ግን በፊቱ ካለው ሁሉ ልቡን የሚስበው አያገኝም። እንግዲህ መሰልቸት ፍላጎት የሞተበት ሁኔታ አይደለም፤ ፍላጎት ሕያው ሆኖ ሳለ የሚይዘውን ያጣበት ሁኔታ ነው።

በዚህ አኳኋን ስናየው መሰልቸት ራብን ይመስላል። ራብ በራሱ አያጠግብም፤ ነገር ግን ሆድ ባዶ መሆኑን ያስታውቃል፥ ራብ ፈጽሞ የማይሰማውንም ሰው ታሟል እንለዋለን። መሰልቸትም እንደዚሁ ለአእምሮ የሚያስታውቀው ነገር አለ። ከዚህ ሁለት ጥያቄ ይወጣል። የተራበ አእምሮ በፊቱ ያገኘውን ሁሉ እየጎረሰ ራቡን ወዲያው ቢያስታግሥ ምን ይሆናል? እንደዚሁም ተርቦ ተርቦ ምንም ሳያገኝ ቢቀር ምን ይሆናል? ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

፪. ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት

ኤዋግሪዮስ የጳንጦስ ሰው ነበረ። በቍስጥንጥንያ ከተማ በትምህርቱና በንግግሩ ከታወቀ በኋላ ዓለምን ትቶ ወደ ግብፅ በረሓ ሄደ፤ በ399 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም ከመነኮሳቱ ጋር በዚያ ኖረ። መነኩሴን የሚዋጉትን ክፉ ኀሳቦች ስምንት ናቸው ብሎ ቈጥሮ ስለ እያንዳንዱ ሲጽፍ፥ ከሁሉ የሚከብደው በቀትር የሚመጣው ነው ይላል። የግሪክ ስሙ አኬዲያ ነው፤ ከግዕዙ ቃል ሀኬት ከምንለው ጋር ይቀራረባል።

ኤዋግሪዮስ እንደሚያስረዳው ይህ ጋኔን መነኩሴውን የሚይዘው ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። አቆጣጠሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ እንደ እኛው ከፀሓይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጠር ነውና። በዚያ ሰዓት ፀሓይ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑም 50 ሰዓት ያለው ይመስላል። መነኩሴው ወደ መስኮቱ ያያል፤ ከበዓቱ ወጥቶ ምግብ ለሚቀመስበት ለዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረው ፀሓይዋን ይለካል፤ ከወንድሞቹ የሚመጣ ሰው እንዳለ መንገዱን ይመለከታል። ቀጥሎ ቦታውን ይጠላል፥ የእጅ ሥራውን ይጠላል፥ ዘመዶቹንና የቀድሞ ኑሮውን ያስታውሳል፥ በሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ የሚሻል ይመስለዋል። በሚያዝያ ወር ከፈተና በፊት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ተማሪ ሁሉ ይህን ጋኔን በመልኩ ሳያውቀው አይቀርም።

ስለ መድኃኒቱ የሚናገረው ቃል አጭር ነው፤ ከበዓትህ አትውጣ ነው የሚለው። ሐሳቡን ከሌሎቹ የግሣጼ መጻሕፍት የሚለየው ግን የሚከተለው ነው። ይህን ጋኔን ታግሦ ላሳለፈው መነኩሴ ወዲያው የሚከተለው ሌላ ጋኔን የለም፤ የሚከተለው ሰላምና ሊነገር የማይችል ደስታ ነው ይላል። እንግዲህ ከ1,600 ዓመት በፊት የኖረው ይህ መነኩሴ መሰልቸት የሚሸሹት ነገር ሳይሆን የሚሻገሩት ነገር መሆኑን፥ ማዶውም ከወዲያኛው ዳር የተሻለ መሆኑን አስተውሏል ማለት ነው።

ስለ አባ እንጦንስም የሚነገር ታሪክ አለ። በበረሓ ተቀምጦ ሳለ ይኸው ሀኬት ያዘውና ምን ላድርግ ብሎ ጸለየ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ውጭ ሲወጣ እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶ ተቀምጦ ሲጎነጉን አየ። ያየው መልአክ ነበረ፤ እንዲህ አድርግ ትድናለህ አለው ይባላል። የግብፅ አባቶች ታሪክ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯልና ይህ ምክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልብ ልንለው የሚገባው መልአኩ እንጦንስን ከቦታው አለማስነሣቱን ነው። አዲስ ቦታም አዲስ ወሬም አላመጣለትም፤ በዚያው ቦታ ለእጁም ለልቡም ሥራ አሳየው እንጂ።

፫. የግሸን አምባ

መነኩሴ ወደ በዓቱ የሚገባው ወዶ ነው። አሁን ደግሞ ሳይወዱ ስለ ተዘጉት እንናገራለን።

የግሸን አምባ በወሎ፥ ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል በኩል የሚገኝ ገደላማ ተራራ ነው። አናቱ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት የግሸን ማርያም ደብር በዚያ ይገኛል። በቀድሞ ዘመን ግን ይህ አምባ የመሳፍንት እስር ቤት ነበረ። የንጉሡ ወንድሞችና የቀድሞ ነገሥታት ልጆች ዘውድ ፍለጋ ጦር እንዳያነሡ ወደ አምባው ይወጡና በጠባቂ ተከበው ይኖሩ ነበር። ሥርዓቱ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ የይኵኖ አምላክ ዘር በዙፋን ጉዳይ በተጣላበት ጊዜ እንደ ተጀመረ ይነገራል። የፍጻሜው ዘመን ግን ግልጽ ነው፤ በ1540 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን ያዘው፥ በዚያ የነበሩትም ተገደሉ፥ ሀብቱም ተዘረፈ።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአምባው አጠገብ ሲያልፍ ያየውን ጽፏል። እርሱና ጓደኞቹ መንገድ ስተው ወደ ገደሉ ቢጠጉ ድንጋይ ተወረወረባቸው። አልቫሬዝ ከዚህም የበለጠ የሚያሳዝን ነገር ይተርካል፤ ከአምባው ደብዳቤ ይዞ የወጣ አንድ መነኩሴ ተይዞ ሲገረፍ፥ ከእርሱም ጋር የአምባው ጠባቂዎች ሲገረፉ አይቷል። ደብዳቤ ጽፎ መላክ እንደ ዐመፅ የሚቆጠርበት ቦታ ነበረ ማለት ነው።

በዚህ አምባ ላይ ቀኑ ምን ያህል ይረዝም እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። አገር የማስተዳደር ሥራ የለም፥ ዘመቻ የለም፥ ንግድ የለም፤ ያለው ቤተ ክርስቲያን፥ ካህናትና መጻሕፍት፥ ከገደሉ ማዶ የሚታየውም አገር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ቦታ ወርደው ከነገሡት መካከል በድርሰት ስማቸው የሚነሣ ይገኛሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከግሸን ወርዶ ነገሠ፤ እስከ 1468 ድረስም ገዛ። ከኢትዮጵያ ነገሥታት ሁሉ እንደ እርሱ ብዙ መጻሕፍት በስሙ የሚጠሩለት የለም፤ መጽሐፈ ብርሃን፥ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ከ1494 እስከ 1508 የነገሠው ዐፄ ናዖድም እንዲሁ ከአምባው የወረደ ሲሆን በግዕዝ የምስጋና ድርሰት ደራሲነቱ ይነገርለታል።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአንድ ነገር በኋላ የመጣ ሁሉ ከዚያ ነገር የተነሣ ነው ብሎ መፍረድ ለታሪክ ተማሪ አይገባም። ዘርዐ ያዕቆብ የጻፈው ስለ ሰለቸው ነው ብንል ከማስረጃው በላይ መናገር ይሆናል። ልንለው የምንችለው ይህን ያህል ነው፤ አምባው ጊዜ ሰጠው፥ ካህናቱም ለጊዜው የሚሆን ምግብ ሰጡት፤ ሲወርድም በብዙ ዓመት ተብላልቶ የቆየ ሐሳብ ይዞ ወረደ። ደግሞም ብቸኝነት ሊቅ ያደርጋል እንጂ ርኅሩኅ ያደርጋል ማለት አይደለም። በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ የፈጸመው ቅጣትና በገዛ ልጆቹ ላይ ያሳየው ጭካኔ የታወቀ ነው። ስለዚህ የመሰልቸትን ጥቅም የሚናገር ሰው ዘርዐ ያዕቆብን በሙሉ ማየት አለበት፤ ደራሲውን ብቻ መርጦ ሊጠቅስ አይገባውም።

ከዚህም ሌላ ከአምባው የወረዱት ጥቂቶች ሲሆኑ በአምባው የቀሩት ብዙዎች ነበሩ። ሥርዓቱ በጎንደር ዘመን ሲታደስ የሆነው ይህን በይበልጥ ያሳያል። ከ1632 እስከ 1667 የነገሠው ዐፄ ፋሲለደስ የመሳፍንቱን መኖሪያ ወኅኒ በተባለው አምባ ላይ አደረገ፤ ወኅኒ ቤት የምንለውም ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እንደሚተርከው፥ ታላቁ ዐፄ ኢያሱ መሳፍንቱን አስወርዶ ባያቸው ጊዜ ልብሳቸው ያለቀ ጕስቍሎች ሆነው አገኛቸውና ኑሯቸው እንዲሻሻል አዘዘ። በ1769 ከወኅኒ ወርዶ የነገሠው ዳግማዊ ዮሐንስ ደግሞ እጁ የተቈረጠ ሽማግሌ ነበረ፤ ዕድሜውን በአምባ ላይ ከፈጸመ በኋላ ዙፋን ቢሰጡት ምንም ሳይሠራበት በዚያው ዓመት ሞተ። ለሁለተኛው ጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው። መሰልቸት ትምህርት፥ ተስፋና መውጫ በር ከሌለበት ያደርቃል እንጂ አያለመልምም።

፬. የራስላስ ሸለቆ

የዚህ አምባ ወሬ በአውሮጳ ሲነገር እየተለወጠ ሄደ። ብርዱና ገደሉ ተረሳና የገነት መልክ ያዘ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ የአማራን ተራራ የጠቀሰው በዚህ መልኩ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያ ማንበብ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1735 አሳተመ። የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊ ቦዝዌል የሚነግረን አንድ ነገር ለጉዳያችን ይስማማል። ጆንሰን ሥራውን ጀምሮ ታከተውና አቆመ፤ ጓደኛው መጥቶ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛና ቤተ ሰቡ ሥራ አጥተው ተቸገሩ ቢለው ጊዜ፥ ከአልጋው ሳይነሣ መጽሐፉን በፊቱ ዘርግቶ በቃሉ እየተረጐመ አጻፈው። እንግዲህ ይህ ሰው ሀኬትን በወሬ ሳይሆን በአካል ያውቃት ነበር። ከ1758 እስከ 1760 በየሳምንቱ ይጽፈው ለነበረውም ጽሑፍ የሰጠው ርእስ «ሥራ ፈቱ» የሚል ትርጕም አለው። በጥር ወር 1759 እናቱ ሲሞቱ የቀብራቸውን ወጪ ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ ራስላስን ጻፈ። መጽሐፉ ከጣልያን ወረራ ዘመን በኋላ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ የአገራችን አንባቢም አውቆታል።

ራስላስ የንጉሥ አራተኛ ልጅ ነው። በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ከሌሎቹ መሳፍንት ጋር ሲኖር ምግብ፥ ሙዚቃ፥ ጨዋታ ሳይጓደል ይቀርብለታል። በ26 ዓመቱ ግን ከግብዣው እየሸሸ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ፍየሎች በድንጋዩ መካከል ቅጠል ሲቀነጥቡ እያየ ራሱን ከእነርሱ ጋር አነጻጸረ። ፍየል ይርበዋል፥ ይበላል፥ ያርፋል፤ እኔም ይርበኛል፥ እበላለሁ፥ ነገር ግን አላርፍም ብሎ አሰበ። ስለዚህ በእኔ ውስጥ በምግብና በጨዋታ የማይጠግብ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ይህ የመሰልቸት የመጀመሪያው ፍሬ ነው። ሸለቆው ከሰጠው ትምህርት ሁሉ ራስላስን ሰው ያደረገው መምህሩ ያስተማረው ሳይሆን መሰልቸቱ ያሳየው ነው።

ጆንሰን ግን መሰልቸትን አያሞግስም። ራስላስ ወደ ውጭ ዓለም የመውጣት ሐሳብ ከመጣለት በኋላ 20 ወር በሕልም ብቻ አሳለፈ፤ ተቀምጦ ጠላት ያሸንፋል፥ የተገፉትን ያድናል፥ ሁሉም በልቡ ነው። አንድ ቀን ሲነቃ የጠፋውን ጊዜ ቆጠረና አዘነ፤ ከዚያም ወዲህ ጊዜዬን በባዶ ውሳኔ አላጠፋም ብሎ ሲወስን አራት ወር አለፈበት። ሥራ የጀመረው አንዲት ገረድ የሸክላ ጽዋ ሰብራ የማይጠገን ነገር አያሳዝንም ስትል ሰምቶ ነው። ከዚያ በኋላ መውጫ ፍለጋ በተራሮቹ ዙሪያ 10 ወር ዞረ፤ በሩን አላገኘም፤ ነገር ግን እነዚያ 10 ወራት በደስታ አለፉ፥ በመንገዱም የእንስሳትን ጠባይና የዕፀዋትን ባሕርይ ተማረ። ሸለቆው ያው ሸለቆ ነው፤ ግንቡም አልተለወጠም። የተለወጠው የመሰልቸቱ አቅጣጫ ነው።

በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ሲመራመር የኖረ አንድ የከዋክብት ሊቅ ይገኛል። ሊቁ ከብቸኝነቱ የተነሣ ዝናምንና ፀሓይን እኔ ነኝ የማዝዛቸው ብሎ እስከ ማመን ደርሷል፤ የዳነውም ከሰዎች ጋር መነጋገር በጀመረ ጊዜ ነው። ጆንሰን ይህን ያስገባው ባዶ ጊዜ ያለ ጓደኛ ሲረዝም አእምሮን ከሐሳብ ወደ ቅዠት እንደሚያሻግረው ለማሳየት ይመስለናል።

፭. ፍሬ የሚያፈራው መሰልቸት

መነኩሴውን፥ መስፍኑንና ራስላስን ጎን ለጎን ካቆምናቸው መሰልቸት የሚጠቅመው ሦስት ነገሮች ሲገኙለት መሆኑን እናያለን። አንደኛው ትዕግሥት ነው፤ ራቡን በመጀመሪያ በተገኘው ነገር ፈጥኖ አለማስታገሥ። ሁለተኛው ስንቅ ነው፤ ባዶ በሆነ ሰዓት ልቡና የሚያመነዥገው አስቀድሞ የተማረው ነገር ያስፈልገዋል። ሦስተኛው መመለሻ ነው፤ ብቻውን ያሰበውን ሰው ይዞ የሚቀርብበት መምህር፥ ጓደኛ ወይም ሥራ መኖር አለበት።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አስተባብሮ የያዘ ሥርዓት ስንፈልግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን አጥንቶ፥ ታሪኩን ሰምቶ፥ የቅኔውን መንገድ ከመምህሩ ከተቀበለ በኋላ ከጓደኞቹ ይለይና ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲያዩት ሥራ የፈታ ይመስላል፤ አንድ ቃል ሳይመጣለት ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል፥ ጋኔነ ቀትርም ሳይጎበኘው አይቀርም። መጨረሻ ላይ ግን የቆጠረውን ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትዕግሥቱም ስንቁም መመለሻውም አሉ። አባቶቻችን ስለ መሰልቸት መጽሐፍ አልጻፉም ይሆናል፤ ነገር ግን ለእርሱ የሚሆን ቦታና ሰዓት በትምህርታቸው ውስጥ አበጅተውለት ነበር።

ከራሳችንም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በየእሑዱ ከምሳ በኋላ የጸጥታ ሰዓት ነበረ። መጫወትም መነጋገርም ማጥናትም ክልክል ሆኖ ሁሉም በአልጋው ላይ ይቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ቅጣት እንቆጥረው ነበር። የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማሮች ቆጥረን ስንጨርስ እንደ ገና እንቆጥር ነበር። ከመካከላችን አንዱ መቁጠሩ ታክቶት የአንዱን መሥመር በመሥመሮቹ ብዛት ማባዛት ጀመረ፤ በማእዘኑ በኩል ስሌቱ አልገጥም ስላለው ምክንያቱን ሲፈልግ ሦስት እሑድ ፈጀበት፤ ዛሬ የሒሳብ ተማሪ ነው። ሌሎቻችን ለእናቶቻችን የምንጽፈውን ደብዳቤ በልባችን እናዘጋጅ ነበር። እንቅልፍ የወሰደንም ነበርን። እንግዲህ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ነበረ፤ ፍሬው ግን እኩል አልሆነም።

፮. የዘመኑ ምርመራና የእኛ ነገር

በዘመናችን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ነገር በሙከራ መርምረውታል። በ2014 በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ሰዎች ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው በቀር ምንም በሌለበት ክፍል ብቻቸውን እንዲቀመጡ ተደረገ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ነገር ሲነኩት በኤሌክትሪክ የሚያነዝር አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ተፈታኞቹም አስቀድሞ ቀምሰውት ዳግመኛ እንዳይነካን ገንዘብ እንከፍላለን ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ከ18 ወንዶች 12ቱ፥ ከ24 ሴቶች 6ቱ በገዛ እጃቸው ራሳቸውን አነዘሩ። ልጄን ላፋታት ያለው አባት በላቦራቶር ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሌላ ሙከራ የነገሩን ሁለተኛ ገጽ ያሳያል። ከስልክ ቍጥር መዝገብ ላይ ቍጥር እንዲገለብጡ የታዘዙ ሰዎች፥ ከዚያ በኋላ የአንድን ተራ ኩባያ ልዩ ልዩ ጥቅም አስቡ ሲባሉ፥ ይህን አሰልቺ ሥራ ካልሠሩት ይልቅ ብዙ ሐሳብ አመጡ። መዝገቡን ማንበብ ብቻ የታዘዙት ደግሞ ከገለበጡት በለጡ፤ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ሐሳባቸው በይበልጥ ስለሚባዝን ሳይሆን አይቀርም። ሙከራው በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ ብዙ ነገር ልናንጠለጥልበት አይገባም፤ ነገር ግን ከኤዋግሪዮስና ከቅኔ ቤቱ ምስክርነት ጋር አይጣላም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይሆነናል? የመጀመሪያው ጥያቄያችን፥ የተራበ አእምሮ ያገኘውን ሁሉ ቢጎርስ ምን ይሆናል ያልነው፥ የሚመለከተው እኛን ነው። የግሸን መሳፍንት መሰልቸታቸውን የሚያስረሳ ነገር አጥተው ተቸገሩ፤ እኛ ደግሞ ሞልቶ ተረፈን። በኪሳችን ያለው ስልክ የራስላስን ሸለቆ ግብዣና ዘፈን ሁሉ በአንድ ላይ ይዞታል። በአውቶቡስ ስንሳፈር፥ ለምግብ ስንሰለፍ፥ መምህሩ ሲዘገይ፥ መሰልቸት ገና እግሩን ሳያስገባ በሩን እንዘጋበታለን። ስለዚህ ራስላስ ፍየሎቹን እያየ ያገኘውን ጥያቄ፥ በእኔ ውስጥ የማይጠግበው ምንድን ነው የሚለውን፥ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘንም። የትኛውን ትምህርት እንመርጣለን፥ ለምንስ እንማራለን የሚለው ጥያቄ በጩኸት ውስጥ መልስ የሚያገኝ አይደለም፤ ሳንጠይቀው ብንመረቅ ግን የሌሎችን ምኞት ተሸክመን መውጣታችን ነው።

በዚህ አባባላችን ሥራ ያጣውን ወገናችንን ሥራ መፍታት ይጠቅምሃል ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። በግዴታ የመጣ፥ በርም ተስፋም የሌለው ባዶ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ በወኅኒ አይተናል፤ ያን የሚያመሰግን ቢኖር ከአምባው በታች ሆኖ የሚናገር ብቻ ነው። እኛ የምንለው ስንቅ ላለው፥ መመለሻም ላለው ለእንደ እኛ ያለው ተማሪ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው መሰልቸት መጥፎ ወሬ ሳይሆን መልእክተኛ ነው፤ ደብዳቤውን ሳይቀበሉ መልእክተኛውን ማስገረፍ የግሸን ጠባቂዎችን አዛዥ መሆን ነው።

ስለዚህ ከሙሉው ቀን አንዲት ሰዓት፥ ከአራት እስከ ስምንት ካለው የቀትር ጊዜ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ፥ መጽሐፉን ከድነን ስልኩንም ከሌላ ክፍል ትተን ብንቀመጥ መልካም ነው እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሓይዋ የቆመች መምሰሏ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በተመለከተ ኤዋግሪዮስ አስቀድሞ ተናግሯል፤ እኛም ሞክረን ያየነው ጥቂት ስለ ሆነ፥ የቀረውን አንባቢዎቻችን በየበዓታቸው ሞክረው እንዲያርሙን እንለምናለን።